የተቀጠረው መምህር፤ የውጭ አገር የቋንቋ መምህራን የሥራ ሁኔታ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን

የአገራችንን የትምህርት ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ስለ ትምህርት ቤቶች መከፈት፣ ስለ ተማሪዎች ብዛትና ስለ መጻሕፍቱ ዓይነት ብዙ ነገር ገልጸውልናል። መምህሩን ማን እንደ ጠራው፣ ደመወዙ ከማን እጅ እንደ መጣ፣ የት እንዳደረ፣ ለስንት ዓመት እንደ ተዋዋለና በምን ምክንያት እንደ ተሰናበተ የጠየቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ይልቁንም መምህሩ ከባሕር ማዶ የመጣ እንደ ሆነ ወይ በውለታው ብቻ ይመሰገናል፤ ወይ ባመጣው ባዕድ ልማድ ብቻ ይወቀሳል። እርሱም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በውል የተቀጠረ፣ የሚበርደው፣ አገሩን የሚናፍቅና አሠሪ ያለው ሰው መሆኑ ይዘነጋል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ይኸውም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ፣ እንዲሁም የእነዚህ አገሮች ልጆች ትምህርት ፍለጋ በሚሄዱባቸው ከተሞች፣ የውጭ አገር ቋንቋ ለማስተማር የመጡት መምህራን በምን ሁኔታ ይሠሩ እንደ ነበረ መመርመር ነው። በአዲስ አበባ የሚወሰነው ነገር ውሎ አድሮ ወደዚህ ደጋ የሚደርስ ስለ ሆነ፣ አስፈላጊ በሆነበት ስፍራ የዋና ከተማውንም ታሪክ እንጠቅሳለን። ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር የተጻፈ ሲኖር እናመለክታለን።

የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። የአንድን መምህር ሥራ ዕድሜ የሚወስኑት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ ማን ጠራው? ማን ያበላዋል? ማንስ ሊያሰናብተው ይችላል? የሦስቱም መልስ ከሚያስተምርበት አገር ውጭ በሆነ ጊዜ ሁሉ፣ መምህሩ ምንም ትጉህ ቢሆን፣ ትምህርቱ ሥር ሳይሰድ መቅረቱን ታሪኩ ያሳየናል።

፩. የኔታና ደብሩ

የውጭ አገሩን መምህር ሁኔታ ለመመዘን አስቀድሞ በአገሩ የነበረውን ሚዛን ማወቅ ያስፈልጋል። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሰው መምህር ማለት ምን እንደ ሆነ የተረዳው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ልጁ በንባብ ቤት ፊደል ይቈጥራል፤ ዳዊት ይደግማል፤ ፈቃዱና ዕድሉ ካለው ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት ይሻገራል።

የኔታ ራሱ ብዙ ጊዜ እንግዳ ሰው ነው። ከፍ ያለውን ትምህርት የተማረው ጎጃም ወይም በጌምድር ወርዶ ነው፤ ወይም ከዚያ ተነሥቶ የመጣ ነው። ነገር ግን ወደ ደብሩ ሲመጣ የጠራው ደብሩ ነው። የሚበላው ከቤተ ክርስቲያኑ መሬት ከሚደርሰው ድርሻና ወላጆች ከሚያመጡለት ስጦታ ነው፤ ልጁ ዳዊቱን በጨረሰ ጊዜ አባትየው እንደ አቅሙ መምህሩን ያስደስታል። እንጨቱን የሚለቅሙለት፣ ውሃውን የሚቀዱለት፣ እርሻውንም የሚያግዙት ተማሪዎቹ ናቸው። ከሩቅ የመጣው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ ይማራል።

በዚህ ሥርዓት የተጻፈ ውል የለም፤ የወር ደመወዝ የለም፤ የዕረፍት ወራትም አይታወቅም። አዝመራው በከፋ ጊዜ መምህሩም ከመንደሩ ጋራ ይራባል። ሥርዓቱ እንከን አልነበረበትም አንልም፤ የተማሪው ጉልበት በመምህሩ ማሳ ላይ ያልቃል፤ ትምህርቱም ለጥቂቶች ካልሆነ በቀር ከንባብ አያልፍም። ሆኖም አንድ ብርቱ ጎን ነበረው። መምህሩን የጠራው፣ የሚያበላውና ቢያጠፋ የሚያሰናብተው አንድ ወገን ነው፤ እርሱም መምህሩ ከሚያስተምራቸው ልጆች አባቶች ሌላ አልነበረም። ስለዚህ እንግዳው የኔታ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ እዚያው አርጅቶ በዚያው ደብር ይቀበር ነበር።

፪. በአንኮበር የመጡት የመጀመሪያዎቹ

ከአውሮፓ መጥተው በሸዋ ልጆችን ለማስተማር ከሞከሩት ሰዎች ታሪኩ በሰፊው የተጻፈልን የክራፕፍና የኢዘንበርግ ነው። ሁለቱ የጀርመን ተወላጆች በእንግሊዝ አገር ያለው የቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር የላካቸው ሲሆኑ፣ በ1831 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሱ። ኢዘንበርግ ብዙ ሳይቈይ ተመለሰ፤ በ1841 እና በ1842 በፈረንጅ አቈጣጠር የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በለንደን አሳትሟል። ክራፕፍ ግን እስከ 1834 ዓ.ም. ድረስ በሸዋ ቈየ።

የክራፕፍን የሥራ ሁኔታ በሦስቱ ጥያቄዎቻችን ብንመረምር መልሱ ግልጽ ነው። የላከውና ቀለቡን የሚሰጠው በለንደን ያለ ማኅበር ነው። እንዲኖር የፈቀደለት ንጉሡ ነው። ንጉሡ ግን ይፈልጉ የነበረው የፊደል መምህር ሳይሆን የእጅ ጥበብ ዐዋቂ፣ የጦር መሣሪያ ሠሪና ባለመድኃኒት ነበር። ክራፕፍ ጥቂት ልጆችን ሰብስቦ ቢያስተምርም፣ የልጆቹ አባቶችም ሆኑ የአንኮበር ካህናት አልጠሩትም፤ እንዲያውም ትምህርቱ ሃይማኖት ለመለወጥ የመጣ መሆኑን ያውቁ ስለ ነበር ተጠራጠሩት።

በመጋቢት 1834 ዓ.ም. ክራፕፍ ከአንኮበር ተነሥቶ በሰላ ድንጋይ፣ በመንዝና በግሼ በኩል ወደ ወሎ ወጣ። በዚያ መንገድ በወሎ ንብረቱን ተዘረፈ፤ በቀይ ባሕር በኩል ዞሮ ወደ ሸዋ ለመመለስ ባሰበ ጊዜም ንጉሡ እንዳይገባ ከለከሉት። ትምህርት ቤቱም በዚያው ቀረ። አንድም የአንኮበር አባት «መምህራችን የት ደረሰ?» ብሎ ንጉሡን የጠየቀበት ምክንያት አልነበረም፤ መምህሩ የእርሱ አልነበረምና።

፫. የቅብጥ መምህራን

ከዚህ በኋላ ስድሳ ስድስት ዓመት ያህል አልፎ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ለማቋቋም በተነሡ ጊዜ፣ ይህን ችግር የተረዱት ይመስላል። ካህናቱ የፈረንጅ ቋንቋ የፈረንጅን ሃይማኖት ይዞ ይገባል ብለው ይሰጉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በአቡነ ማቴዎስ አማካይነት መምህራንን ከግብጽ አስመጡ። እነዚህ መምህራን የውጭ አገር ሰዎች ቢሆኑም ሃይማኖታቸው ከኢትዮጵያውያን ጋራ አንድ ስለ ነበረ፣ አንደኛው የጥርጣሬ በር ተዘጋ። በ1908 በፈረንጅ አቈጣጠር በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዲሬክተሩ ግብጻዊው ሐና ሳሊብ ነበሩ። ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጣሊያንኛ ይገኙ ነበር።

ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው ግን እንደነዚህ ያሉ መምህራን በአዲስ አበባ ብቻ ሳይወሰኑ ወደ ሐረር፣ ወደ ደሴና ወደ አንኮበር መላካቸው ነው። አንኮበር በሣህለ ሥላሴ ዘመን ለክራፕፍ የተዘጋውን በር በምኒልክ ዘመን ለግብጻውያን ከፈተ። የለወጠው ነገር ቋንቋው አልነበረም፤ ቋንቋው ያው የፈረንጅ ቋንቋ ነው። የተለወጠው የመምህሩ አመጣጥ ነው። የጠሩት ንጉሡና ጳጳሱ ናቸው፤ የሚያበላውም የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው።

ሆኖም ሁለት ጥያቄዎች ተመልሰው ሦስተኛው አልተመለሰም። የቅብጡ መምህር ከንጉሡ ሞገስ በቀር መደገፊያ አልነበረውም። ምኒልክ ታመው ቤተ መንግሥቱ በሥልጣን ጉዳይ በተጠመደ ጊዜ፣ ትምህርት ቤትን የሚያስብ ሰው ጠፋ። በአዲስ አበባ የነበረው ትምህርት ቤት ዘለቀ፤ የአንኮበሩ ግን የደብረ ብርሃንን ያህል እንኳ የትምህርት ከተማ ሊያደርጋት አልቻለም።

፬. በዋና ከተማው፤ የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤት

በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። መጀመሪያ በበላይነት የተቈጣጠሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። እርሳቸው በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዞች እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው ያደጉ ሰው ስለ ነበሩ፣ በባዕድ ቋንቋ መማር የሚያስገኘውንም የሚያሳጣውንም በራሳቸው ሕይወት ያዩ ናቸው። ከዚያ በኋላ ለትምህርት አማካሪነት የመጡት አሜሪካዊው ኧርነስት ወርክ፣ የኢትዮጵያ ልጅ በባዕድ ቋንቋና ለባዕድ ልጅ በተጻፈ መጽሐፍ መማሩ እንዲቀር፣ ትምህርቱ በአማርኛ እንዲሆንና መምህራንም ከአገሩ እንዲሠለጥኑ አሳብ አቅርበው ነበር። የጠላት ወረራ ስለ ደረሰ አሳባቸው ከወረቀት አላለፈም።

በግል ትምህርት ቤት በኩል ከሁሉ የሚጠቀስ አንድ ምሳሌ አለ። ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ በባርባዶስ ደሴት ተወልደው ከኒው ዮርክ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ጥቁር ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ከወረራው በፊት ሞተውባቸው፣ ልጆቻቸውን ይዘው አምስቱን የጠላት ዓመታት በዚሁ አገር አሳለፉ። ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ እርሱም ኋላ የልዕልት ዘነበ ወርቅ ትምህርት ቤት የተባለው ነው። ወይዘሮ ሚኞን ማንም መንግሥት በውል አላመጣቸውም፤ የመመለሻ መሳፈሪያም የቈረጠላቸው አልነበረም። ተማሪ ካልመጣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ወላጅ ካላመነ ተማሪ አይመጣም። ስለዚህ እስከ ዕለተ ሞታቸው በኢትዮጵያ ኖሩ። አንባቢ ይህን ከየኔታ ታሪክ ጋራ ቢያነጻጽረው ተመሳሳይነቱን ያስተውላል።

፭. ከነጻነት በኋላ፤ ሕጉና ውሉ

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከተባረረ በኋላ፣ የተማረው ትውልድ በጦርነትና በግፍ ያለቀ ስለ ነበር መምህር ከውጭ ማስመጣት ግዴታ ሆነ። ከእንግሊዝ ጋራ በነበረው ግንኙነትም እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ያዘ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ዓ.ም. የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲከፈቱ በሁለቱም የብሪቲሽ ካውንስል መምህራን ዋነኛ ድርሻ ነበራቸው። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ለካናዳ ኢየሱሳውያን ተሰጠ፤ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙትም እነርሱ ናቸው። የእነዚህ ሰዎች የሥራ ሁኔታ ልዩ ነበር፤ መነኮሳት ሳሉ የምንኵስና ልብሳቸውን እንዲተዉና ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተደርጎ እንደ ተራ ሰው ለብሰው ያስተምሩ ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ ደግሞ ለሰሜን ሸዋ ደጋ ትልቅ ትርጉም ነበረው። በድንጋጌው መሠረት አገሪቱ በሁለት ተከፈለች፤ አንዱ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል፣ ሁለተኛው ለሚሲዮኖች የተፈቀደ ክልል ነው። በመጀመሪያው ክልል ሚሲዮን ሆስፒታል ወይም ሃይማኖት የማይሰበክበት ትምህርት ቤት በፈቃድ ሊያቋቁም ይችላል እንጂ ሊሰብክ አይችልም። መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ያለ ጥርጥር በዚህ ክልል የሚቈጠሩ ናቸው። በደቡብና በምዕራብ ለብዙ ልጆች የእንግሊዝኛን ፊደል ያስቈጠረው የሚሲዮን መምህር ለሥራው የሚያነሣሣው ስብከቱ ስለ ነበር፣ ስብከት ወደ ተከለከለበት ደጋ የሚመጣበት ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ በዚህ አገር የውጭ ቋንቋ መምህር የሚመጣው በመንግሥት እጅ ብቻ ሆነ።

የመንግሥት ውል ለውጭ አገር መምህር የሚሰጠው በጠቅላላው የታወቀ ነው፤ የመምጫና የመመለሻ መሳፈሪያ፣ ቤት ወይም የቤት ኪራይ፣ የዕረፍት ወራት፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት የተወሰነ ደመወዝ። በ1950ዎቹ ዓመታት በዚህ ዓይነት ውል በብዛት የመጡት ሕንዶች ናቸው። በጠቅላይ ግዛት ከተሞች ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ እንግሊዝኛውንም በብዛት ያስተማሩት እነርሱ ሲሆኑ፣ ዛሬ ዕድሜው የገፋ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ሰው ቢያንስ አንድ ሕንዳዊ መምህሩን በስም ያስታውሳል።

ይህ ውል ለመምህሩም ቀላል አልነበረም። የሚያስተምርበትን ከተማ የሚመርጥለት የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ነው። ቤተሰቡን ይዞ ቢመጣ ለልጆቹ የሚሆን ትምህርት ቤት በጠቅላይ ግዛት አያገኝም፤ ትቶ ቢመጣ ናፍቆቱ አለ። ውሉ ይታደስ እንደ ሆነና እንዳልሆነ እስከ መጨረሻው ዓመት አያውቅም። ከሥራ ጓደኛው ከኢትዮጵያዊው መምህር ጋራ እንዳይግባባ የሚያደርገውም ያው ውል ነው፤ አንድ ሥራ እየሠሩ የአንዱ ደመወዝ ከሌላው ይበልጣልና።

፮. ደብረ ብርሃን፤ የአውቶቡሱ መንገድ ዳር

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የውርጭ አገር ናት። ጣሊያን የሠራው የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ በውስጧ አልፎ ወደ ጣርማ በር ስለሚወጣ፣ አውቶቡስ በየቀኑ ያገኛታል። የኃይለ ማርያም ማሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በዚህች ከተማ ነው። የመንዝ ልጅ፣ ከማማም ይሁን ከላሎ ወይም ከጌራ፣ ከመጀመሪያ ደረጃ በላይ መማር ሲሻ በእግሩ የሁለትና የሦስት ቀን መንገድ ተጕዞ ወደዚህች ከተማ ይመጣ ነበር። የመርሐ ቤቴው ልጅ የጀማን ገደል ወርዶና ወጥቶ ወደ ፍቼ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ይሻገራል። በሶውን፣ ቆሎውንና ድርቆሹን ከቤቱ ስንቅ አድርጎ፣ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ።

የውል መምህር ግን ከአውቶቡሱ መንገድ ርቆ አልሄደም። ይህ የመምህሩ ስንፍና አይደለም፤ ደመወዙ፣ ደብዳቤውና ሐኪሙ የሚመጡት በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ በመንዝ ደጋ እምብርት ያለው ልጅ የእንግሊዝኛን ድምፅ ከተወላጁ አፍ ለመስማት መጀመሪያ ከአገሩ መውጣት ነበረበት።

በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ፣ በብዛት ፒስ ኮር በሚባለው ስሙ የታወቀው፣ ከ270 የሚበልጡ መምህራንን በአንድ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። አለቃቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። ከመምጣታቸው በፊት በዋሽንግተን ከተማ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ወራት አማርኛና የአገሩን ልማድ ተምረዋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበሩትን ዲግሪ ያላቸው መምህራን ቍጥር በአንድ ዓመት እጥፍ ያህል እንዳደረጉት ይነገራል። ደብረ ብርሃንም ከተመደቡባቸው ከተሞች አንዷ ናት።

የእነዚህ ወጣቶች ሁኔታ ከሕንዳዊው መምህር ይለያል። ደመወዝ ሳይሆን የኑሮ መደጎሚያ ነው የሚቀበሉት፤ ከዚህ ሌላ በየወሩ 75 ዶላር በአገራቸው እየተጠራቀመ አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ ይሰጣቸው ነበር። ያን ጊዜ አንድ ዶላር ሁለት ብር ተኩል ያህል ስለ ነበረ ገንዘቡ 187 ብር ገደማ ይሆናል። ከከተማው ሰው ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም ከገጠር የመጣ ተማሪ በግቢያቸው አስጠግተው የደብተርና የልብስ ወጪውን ችለውለታል። በዚህ ዓይነት ቤት አድሮ የተማረ የደጋ ልጅ እንግሊዝኛውን ከክፍል ይልቅ በማጀት በር ላይ እንደ ተማረው ሊዘነጋ አይገባም።

ግን የአገልግሎታቸው ዘመን ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት አገሩን በመልመድ ያልፋል፤ ሁለተኛው በመሰናበት። ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ልጅ በአራት ዓመት ውስጥ የሕንዱን፣ የእንግሊዙንና የአሜሪካኑን አነጋገር በየተራ ለመልመድ ይገደዳል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ስድስተኛ ክፍል ትምህርቱ በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ስለ ተወሰነ፣ ልጁ ገና ቋንቋውን ሳይዝ ታሪኩንም ሳይንሱንም በዚያው ቋንቋ ይማራል። በመጨረሻም በሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና እንግሊዝኛን ያላለፈ ልጅ በሌላው ሁሉ ቢበልጥ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። መምህሩ ውሉን ጨርሶ በአውሮፕላን ሲሄድ፣ ተማሪው ፈተናውን ወድቆ በእግሩ ወደ መንዝ ይመለሳል።

በተቃራኒው የተሞከረ ሌላ መንገድም ነበረ። ከመንዝ ደጋ በስተ ምሥራቅ ግርጌ ባለችው በመጀቴ፣ በዩኔስኮ ርዳታ የማኅበረ ሰብ ትምህርት ማሠልጠኛ ተከፍቶ፣ ኋላ ሥራው ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረ። በዚያ የነበሩት የውጭ አገር ባለሙያዎች ሥራ ሕፃናትን ማስተማር ሳይሆን በየገጠሩ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ነበር። ባለሙያው ቢሄድም ሠልጣኙ ይቀራል። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በውጤቱ ግን ትልቅ ነው።

፯. የኢትዮጵያዊው መምህር አቤቱታና የውሉ መጨረሻ

ኢትዮጵያዊው መምህር ይህን ሁሉ ከጎን ሆኖ ይመለከት ነበር። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የመምህራን ማኅበር ከሚያነሣቸው ጉዳዮች ዋነኛው የደመወዝ ደረጃ ነው። ወደ ገጠር የተመደበው መምህር ቤት አይሰጠውም፤ የመሳፈሪያ አበል አይታሰብለትም፤ ዝውውር ለማግኘት ዓመታት ይጠብቃል። ለባዕዱ የተጻፈው ውል ለእርሱ ቢጻፍለት ኖሮ ምናልባት በመንዝ እምብርት ይቀመጥ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይህን ጉድለት ለመሙላት ታስቦ፣ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግሉ አደረገ። አብዛኞቹም መምህራን ሆኑ። ለአገር ልጅ አገሩን ያሳወቀ፣ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን በሦስቱ ጥያቄዎቻችን ስንመዝነው ያው ጉድለት ይታያል፤ የጠራው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ መደጎሚያውን የሚሰጠው ከአዲስ አበባ ነው፤ ዘመኑም አንድ ዓመት ነው፤ ከሰላም ጓዱም ያነሰ። እንግዲህ ጉድለቱ በመምህሩ ዜግነት አልነበረም፤ በውሉ ነበረ።

ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪዎች እንቅስቃሴ በበረታ ጊዜ አሜሪካውያኑ መምህራን የፖለቲካው ቍጣ ዒላማ ሆኑ። ብዙዎቹ ከትምህርት ቤታቸው ለቀቁ። ተማሪው የተቈጣው በመምህሩ ሳይሆን ከመምህሩ በስተጀርባ ባለው መንግሥት ነው፤ መምህሩን የጠራው ሕዝቡ ስላልነበረ ግን የሚከራከርለት አልተገኘም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን መምህራን በደመወዛቸውና በትምህርት ዘርፍ ጥናቱ ምክንያት ሥራ አቁመው አብዮቱን ካስነሡት ወገኖች አንዱ ሆኑ። የሰላም ጓድም በ1977 በፈረንጅ አቈጣጠር ከኢትዮጵያ ወጣ። በ1995 ተመልሶ በ1999 ወጣ፤ በ2007 እንደ ገና ገብቶ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ወጣቶችን በአማራ ክልልም አሰማርቶ ነበር፤ በመጋቢት 2012 በእኛ አቈጣጠር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በዓለም ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አገራቸው ተጠሩ። በዚህ ጊዜም የወሰነው ዋሽንግተን እንጂ የተማሪው አባት አልነበረም።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነውን ባጭሩ ብንሰበስበው፣ ክራፕፍን የላከው ማኅበር ነው፤ የቅብጡን መምህር ንጉሡ፤ ሕንዳዊውን ሚኒስቴሩ፤ አሜሪካዊውን መንግሥቱ። አራቱም በየዘመናቸው ደክመዋል፤ ካስተማሯቸውም መካከል ለአገር የጠቀሙ ብዙዎች ወጥተዋል። ስለዚህ ውለታቸውን መካድ አይገባም። ነገር ግን በሰሜን ሸዋ ደጋ የአንዳቸውም ወንበር ከእነርሱ በኋላ በተተኪ አልተያዘም። የየኔታ ወንበር ግን በድህነቱ ሁሉ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖሯል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የውጭ አገር መምህር አይምጣ የሚል አይደለም። ዛሬ ደብረ ብርሃን የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የመንዝና የመርሐ ቤቴ ልጅም ሁለተኛ ደረጃ ለመማር የሦስት ቀን መንገድ አይሄድም። እንግሊዝኛው ግን አሁንም የፈተናው በር ነው፤ በየከተማው የሚከፈቱት የግል ትምህርት ቤቶችም የውጭ አገር ሰው ያስተምርብናል ማለትን እንደ ማስታወቂያ ይጠቀሙበታል። ማንም መምህር ሲቀጠር፣ ከሕንድም ይምጣ ከአሜሪካ ወይም ከአዲስ አበባ፣ ሦስት ነገሮች ቢታሰቡ መልካም ነው። አንደኛ፣ ቤቱና ኑሮው ከሚያስተምርበት ሕዝብ ጋራ የተያያዘ ይሁን። ሁለተኛ፣ ውሉ ሳያልቅ የሚተካውን የአገር ልጅ የማሠልጠን ግዴታ ይኑርበት። ሦስተኛ፣ ወላጆች በመምህሩ መቅጠርና መሰናበት ድምፅ ይኑራቸው።

የመንዝ ሰው እንግዳ መምህርን መቀበል ከጥንት የሚያውቀው ነገር ነው፤ ከጎጃም የመጣውን የዜማ መምህር የተቀበለው በውል ሳይሆን በቤቱና በማሳው ነው። የእንግሊዝኛውም መምህር በዚያው ደጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምንጽፈው ታሪክ ስለ መምጣትና ስለ መሄድ ብቻ ባልሆነም ነበር።